በጎመኑ በርሜል ላይ የከረሙ ዲስኮች

ውድ ፓናዮት፤

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ከሁሉ አስቀድሜ ልጻፍልህ፤ ካላስቀደምኩት እንደ ልማዴ ስለ አየሩና ስለ ወይን ሐረጉ ሳወራ ወረቀቱ ያልቃል። ግራ ዓይንህን ያጠፋው የብረት መቁረጫ ዲስክ ተበላሽቶ የመጣ ዲስክ አልነበረም። ጓደኛህ ሚንኮ ያመጣልህ ደህና ዕቃ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዲስኮቹን ከነሳጥናቸው የበረዶውን ወራት ሙሉ በጎመኑ በርሜል ላይ ክብደት አድርጌ አስቀምጫቸው ነበር።

ይኸው፣ ጻፍኩት። ይህን የምጽፍበትን ቀን አሥራ ሰባት ዓመት ፈርቼዋለሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ የወርክሾፑ በር ተከፍቷል፤ የምጽፈው በአንተ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከፊቴ ደግሞ አንተ የማታውቀው መጋዝ ቆሟል። ስለ እሱም እነግርሃለሁ። እሱን ልመርጥ ባልሄድ ኖሮ ይህ ደብዳቤም ባልተጻፈ ነበር።

በመጀመሪያ ግን የበርሜሉን ነገር ልጨርስ።

ሚንኮ የሚሠራበት ፋብሪካ በተዘጋበት ዓመት፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ በእጅ ጋሪ ሳጥን እየገፋ እንደመጣ ታስታውሳለህ። ትሪ ትሪ የሚያካክሉ ሃያ አምስት መቁረጫ ዲስኮች። "ለመጋዘን ጠባቂ የደረሰችው ድርሻ ይህች ናት" አለህ። "እኔ ምን እቆርጥባታለሁ፣ ዳቦ? አንተ ውሰዳት።" አንተም ግንባሩን ስመህ፣ ሳጥኑን ከምድጃው በላይ ካለው ደረቅ መደርደሪያ ላይ ሰቀልከው። ቦታው ትክክል ነበር። ሚንኮም ትክክል ነበር። እዚህ ድረስ ጥፋተኛ የለም።

በኅዳር ለበረዶው ወራት የሚቦካውን ጎመን ከጨው ውሃ ጋር በርሜል ውስጥ ጨመርኩ። ክዳኑን የሚጫነው የወንዝ ድንጋይ ለሁለት ተሰንጥቆ አገኘሁት። ያን ቀን በረዶ ጀምሮ ነበር፤ ወንዝ ወርጄ ሌላ ድንጋይ መፈለግ ሰነፍኩ። እኛ የጋብሮቮ ከተማ ሰዎች ደግሞ በቁጠባ እንታማ የለ፤ የጋብሮቮ ሴት ቤቷ ያለውን ነገር ከደጅ አትፈልግም። የዲስኮቹን ሳጥን አየሁት፤ ክብደቱ ልክ ነው፤ አንተም በረዶ ሲጥል ወርክሾፑን ስለምትዘጋ እስከ ፀደይ አትፈልገውም። ተሸክሜ ምድር ቤት አወረድኩትና በርሜሉ ክዳን ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ እናቴ እንዳስተማረችኝ፣ በየሦስት ቀኑ ከታች ቧንቧውን ከፍቼ የጨው ውሃውን በባልዲ እየቀዳሁ፣ ከላይ መልሼ አፈስሰው ነበር። ጎመኑ እንዲጣፍጥ። የፈሰሰው ውሃ ሳጥኑን እንደሚነካው አይቻለሁ። ብረት የሚቆርጥ ነገር የጎመን ውሃ ምን ያደርገዋል አልኩ።

በመጋቢት በርሜሉ ሲያልቅ የሳጥኑ ታች በስብሶ ነበር። ዲስኮቹን አንድ በአንድ አውጥቼ በጨርቅ ወለወልኳቸው፤ መስኮት ላይ ፀሐይ አስመታኋቸው፤ ሌላ ሳጥን ፈልጌ ከትቼ ወደ መደርደሪያቸው መለስኳቸው። ከውስጥ የነበረችውን ታጣፊ ወረቀትም አድርቄ መለስኳት። ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ ሴት፣ የስኳር ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ እንኳ የማልተው፣ ያቺን ወረቀት አላነበብኳትም። ለአንተም ምንም አልነገርኩህም፤ ትስቅብኛለህ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

በሐምሌ፣ ብረት ስትቆርጥ፣ ዲስኩ መጋዙ ላይ ፈነዳ። ሽርጤ ሙሉ ቲማቲም ይዤ ከጓሮ ስሮጥ መጣሁ፤ አንተ መሬት ላይ ተቀምጠህ ሳቅ እንደሚደብቅ ሰው ፊትህን በሁለት እጅህ ይዘህ ነበር። ሆስፒታል ካስገባሁህ በኋላ የሌሊት ልብስህን ልወስድ ቤት ተመለስኩ፤ እግሬ ግን መጀመሪያ ወርክሾፑ ወሰደኝ። ያቺን ወረቀት ያን ጊዜ አነበብኳት። "ከእርጥበት ይጠበቅ። አንዴ የረጠበ ዲስክ ቢደርቅም አይሠራበት።" አጥፌ ምድጃ ውስጥ ጨመርኳት። ቶሎ ነው የተቃጠለችው። ደረቅ ነበረች።

ስመለስ አንተ በፋሻ ተጠቅልለህ "የሚንኮ ጥራጊ" እያልክ ነበር። "የፋብሪካ ጥራጊ አሸክሞኝ..." እኔም ትራስህን አስተካከልኩ።

ከዚያ የፍልሰታ ዕለት፣ የስምህ ቀን፤ ስምህ የወጣባት የእመቤታችን በዓል። በስም ቀን ማንም አይጠራም፤ የመጣም አይመለስም፤ ቂመኛ እንኳ መጥቶ አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ይሄዳል። ሚንኮ በአንድ እጁ የራኪያ አረቄ፣ በሌላው ሐብሐብ ይዞ በአጥር በሩ ገባ። ጠረጴዛው ዙሪያ አሥራ አምስት ሰው ነበር።

"ማን ጋበዘህ?" አልከው።

ሹካ የሚያነሳ ጠፋ። በስም ቀን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

"ፓናዮት፣ ሳጥኑ ደረቅ ነበር" አለ ሚንኮ። "በእጄ ነው ያነሳሁት። በእናቴ ዐፅም እምልልሃለሁ።"

"አንዱን ዓይኔን ወስደሃል። ሁለተኛውን ልትወስድ ነው የመጣኸው? ና፣ ውሰደው፣ ይኸው!"

ሚንኮ ሐብሐቡን በሩ ሥር እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ቀና ሲል ያየው እኔን ነበር። የወቀሳ አስተያየት አልነበረም። ጨርሶ ካልተቆጣው ሰው አንድ ቃል እንደሚጠብቅ ሰው ነው ያየኝ። በእጄ የተጠበሰ ቃሪያ የያዘ ሳህን ነበር። ወደ አንተ ዞሬ "ልጨምርልህ?" አልኩህ።

በዓመቱ በከተማው ቡና ቤቶች ሁሉ የማይረባ ዕቃ "የሚንኮ ዲስክ" ተባለ። የዛገ ቁልፍም፣ የሚያፈስ ባልዲም የሚንኮ ዲስክ ሆነ። ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። ቤቱን ሸጦ ወደ ሴቭሊዬቮ ሄደ፤ ሲሄድ ሊሰናበተን አልመጣም።

እኔ ግን ሥራዬን አገኘሁ። በአንድ ዓይን ርቀት አይያዝም፤ የብየዳ ዘንግህ ጫፍ መገጣጠሚያውን ስቶ አየር ሲወጋ፣ እጅህን ይዤ አስነካሁልህ። ከዚያ "አንቺ ሞክሪው" አልከኝ፤ በየድኩ፤ "ከእኔ ይሻላል፣ የተረገምሽ!" ብለህ ሳቅክ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የቆረጥከውን ሁሉ የቆረጥከው እኔ ባሰመርኩት መስመር ላይ ነው። ሰው "ነድያልካ እንዴት ያለች ሚስት ናት!" ይል ነበር። አንተም ትል ነበር። ያ ምስጋና በየቀኑ የምውጠው መራራ መድኃኒት ነበር፤ ይህን ማወቅ አለብህ።

አንድ ነገር ብቻ አላስነካኸኝም። መጋዙን። "መጋዙ የኔ ነው፤ እሱ አንድ ዓይን በልቷል፣ ይበቃዋል" ትለኝ ነበር።

አሁን ወደ አዲሱ መጋዝ ልምጣ።

ለቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ልትሠራው የለካኸው መደገፊያ እስከ ዘንድሮ አልተሠራም። ልኩ በጠመኔ እንደጻፍከው ግድግዳው ላይ አለ፤ ባለ አራት ማዕዘኑ ቧንቧ ብረት፣ ቱቦላሬውም፣ መደርደሪያው ላይ ተጋድሟል። በጥር የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ ኤሌንካ በረዶው ላይ ተንሸራትታ የእጇ አንጓ ተሰበረ። መጽሐፍ ልመልስ ስሄድ በጀሶ የታሸገ እጇን እያሳየች፣ "ነድያልካ፣ ፓናዮት የለካው መደገፊያ የሚተከለው መንግሥተ ሰማያት ነው እንዴ?" አለችኝ። "እዚያማ ደረጃው ረዥም ነው፤ እዚህ ይሻላል" አልኳት። ቤት ገብቼ ግን ያንተን መጋዝ በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። በሱ አልቆርጥም። ለሌላ ሰውም አልሸጠውም።

እንግዲህ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያነበብኩት ስለ መጋዝ ብቻ ነው። ኤሌንካ በአንድ እጇ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መጻሕፍት እያወረደች ትሰጠኝ ነበር። ሰው መጋዝ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው የማሽኑን ጉልበት ነው፤ አንተም እንዲያ ነበርክ። እኔ ከራሴ ጀመርኩ። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ቀኝ ትከሻዬ ያመኛል፣ ወርክሾፑ ያለው የቤት ሶኬት ነው፣ ግድግዳውን ተደግፎ የማገዶ እንጨት ተከምሯል። የምቆርጠው ባለ አራት ሳንቲም ቱቦላሬ፣ አንዳንዴ ባለ ስድስት፤ ቀጥ ያለና የጎን ማዕዘን። በቀን አሥር ቁራጭ ከቆረጥኩ ብዙ ነው። ታዲያ ምን ያጣድፈኛል?

የዲስኩ መጋዝ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሁሉን ይበላል። ግን ይጮኻል፣ እሳት ይተፋል፣ ቆርጦ የጨረሰው ብረት ያቃጥላል፣ አቧራው ሳንባ ይገባል፤ የቀረውን አንተም እኔም እናውቃለን። ሁለተኛው፣ በዝግታ የሚዞረው ባለ ጥርስ ክብ መጋዝ፣ እንደ ቢላ ጥርት አድርጎ ይቆርጣል፤ ግን ከባድ ነው፣ እጀታው ትከሻ ይፈልጋል፣ ምላጩ ሲደንዝ የሚስለው ሰው ደግሞ አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚፈለግ ነው። ሦስተኛው ባለ ቀበቶው ነው፤ ጥርሳም ቀጭን ብረት እንደ ቀበቶ በሁለት ጎማዎች ላይ የሚዞርበት። ቀርፋፋ ነው። ክንዱ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ቆርጦ ሲጨርስ ራሱን ያጠፋል፣ ድምፁ ከልብስ ስፌት መኪና ብዙም አይበልጥም። ሳነብ ሳነብ አንድ ቀን መጽሐፉን ዘጋሁና "አንተ ነህ" አልኩት። በሕይወቴ ማንንም ሳላማክር የመረጥኩት የመጀመሪያ ነገር ነው። አንተን እንኳ እናቴን አማክሬ ነው።

ያገለገሉ ማሽኖች የሚሸጡበት ግቢ ሴቭሊዬቮ እንዳለ ኤሌንካ ነገረችኝ። ሴቭሊዬቮ ስትል ሚንኮ ትዝ አለኝ፤ ግን ከተማ ትልቅ ነው አልኩ። ያንተን የማዕዘን መለኪያ ስኳድራና አንድ ክንድ ቱቦላሬ በገበያ ቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። የግቢው ባለቤት ራይና የምትባል አፈ ጮሌ ሴት ናት፣ አርባ ቢሆናት ነው።

"እማማ፣ ምን ሊቆርጡ ነው? ጎረቤት ነው?"

"ጎረቤቴ ደህና ሰው ነው። ቱቦላሬ ነው የምቆርጠው።"

"ከየት ነው የመጡት?"

"ከጋብሮቮ።"

"ወይኔ ጉዴ! ዛሬ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስንከራከር ልንውል ነው። ድመትዎ ጅራት አላት?"

"ቆርጠነዋል። በሩ ቶሎ እንዲዘጋ፣ ሙቀት እንዳይባክን። አሁን ባለ ቀበቶ መጋዝ አሳዪኝ።"

ሁለት ነበራት፤ አንድ አዲስ ቀለም የተቀባ አረንጓዴ፣ አንድ የተጫጫረ ግራጫ። ራይና አረንጓዴውን እንደ ሙሽራ አሞገሰችው። የአረንጓዴውን ክንድ ወደ ላይ አንስቼ ለቀቅኩት፤ እንደ ድንጋይ ዱብ አለ። የግራጫውንም አንስቼ ለቀቅኩት፤ ሽማግሌ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ፣ ቀስ ብሎ፣ ራሱን እየደገፈ ወረደ። ስኳድራህን ምላጩ ላይ አስጠጋሁ፤ ብርሃን አላሳለፈም። ብረት ማሰሪያ ሞርሳውን አጥብቄ ነቀነቅኩት፤ አልተነቃነቀም። ከዚያ ቱቦላሬዬን አወጣሁ።

"ቦርሳዋ ውስጥ ብረት ይዛ የምትዞር እማማ ዛሬ ገና አየሁ" አለች ራይና።

"ሐብሐብ ሳይበሳ ትገዢያለሽ? ቁረጪልኝ።"

ቆረጠች። ማሽኑ ጨርሶ ራሱን አጠፋ። ቁራጩን በእጄ ያዝኩት፤ ለብ ያለ እንኳ አልነበረም። "ይህን ነው የምወስደው" አልኳት።

"ልክ ነዎት፤ አረንጓዴውን ጋሽ ሚንኮም አይወደውም" አለች። "እሱ ሳያየው የሚወጣ ማሽን የለም። ዲስክ የሚባል ነገር ደግሞ እዚህ ግቢ አያስገባም፤ በነፃ ቢሰጡት እንኳ። ጋሽ ሚንኮ! ወዲህ ብቅ በል፣ ባለ ሙያ መጥታብሃለች!"

ልወጣ እችል ነበር። በሩ ክፍት ነበር። ግን ቱቦላሬዬ ሞርሳው ውስጥ ታስሯል፤ እጄም እጀታው ላይ ነበር።

ከኋላ ካለው መጋዘን እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ጎብጧል። ቆመ።

"ነድያልካ።"

"ሚንኮ።"

"ፀጉርሽን አሳጠርሽው።"

"አንተ ጭራሽ ተገላግለኸዋል።"

ራሱን ዳበሰና ሳቀ። ራይና አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። "ትተዋወቃላችሁ እንዴ?"

"በአንድ ገበታ በልተናል" አለ ሚንኮ። ስለ ገበታው መጨረሻ አልተናገረም።

መጋዙን ዞሮ አየውና ራሱን ነቀነቀ። "መርጠሻል። አንድ ነገር ብቻ። ይህ ምላጭ ጥርሱ የተራራቀ ነው፤ ለወፍራም ብረት ነው። ያንቺ ቱቦላሬ ስስ ነው..."

"ጥርሱ የቱቦላሬው ስስ ጎን ላይ ይንጠለጠልና ይሰበራል። አውቃለሁ። ደቃቅ ጥርስ ያለው ልጠይቅ ነበር።"

"ማን ነገረሽ?"

"መጽሐፍ።"

"ፓናዮት ይህን አያውቅም ነበር።"

"ፓናዮት ሳነብለት ያንኮራፋ ነበር።"

ሁለታችንም ሳቅን። ባንተ ነው የሳቅነው፤ ግን በፍቅር ነው፤ ብትሰማን አትቆጣም ነበር።

መኪናው እስኪመጣ ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሚንኮ ደቃቁን ምላጭ ጠቅልሎ አመጣልኝና አጠገቤ ተቀመጠ። ቀብርህ ላይ ከውጭ፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ቆሞ እንደነበር ነገረኝ። አላየሁትም ነበር። ከዚያ እጆቹን እያየ እንዲህ አለኝ፦

"ነድያልካ፣ በሕይወት እያለ ልነግረው ሁለት ጊዜ አጥራችሁ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ለአንቺ ልንገርሽ። በዚያ ዓመት የመጋዘኑ ጣሪያ በአንድ በኩል ያፈስ ነበር። ሳጥኑን ያነሳሁት ከደረቁ ጥግ ነው ብዬ ማልኩ፤ በእናቴም ማልኩ። ለዓመታት እርግጠኛ ነበርኩ። አሁን ግን ሳስበው፣ ሳስበው... ምናልባት ከሚያፈሰው በኩል ይሆናል ያነሳሁት። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ደረቅ ዲስክ ዝም ብሎ አይፈነዳም። እኔ ነኝ። ዓይኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ ላይ በሐሰት ምያለሁ።"

የሰጠኝን ምላጭ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

"ጧፍ ስታበሪለት ንገሪው። 'ሚንኮ ጥፋቱ የኔ ነው ብሏል' በይው። ይህን ታደርጊልኛለሽ?"

"እነግረዋለሁ" አልኩት።

እጄን በሁለት እጁ ያዘና አመሰገነኝ። ፓናዮት፣ አመሰገነኝ! መኪናው መጣ፤ መጋዙ ተጫነ፤ እኔም ከመጋዙ ጋር እንደ አንድ ዕቃ ተጭኜ ቤቴ ገባሁ።

እንግዲህ መልእክቱን ነገርኩህ። ሚንኮ ጥፋቱ የኔ ነው ብሏል። ውሸቱን ነው፤ መዋሸቱን ግን አያውቅም። ሥራውን፣ ቤቱንና ስሙን አሳጥቼው ሳበቃ፣ በመጨረሻ ትዝታውንም አሳጣሁት። ደረቁ ጥግ ላይ ቆሞ ሳጥኑን እንዳነሳ በዓይኑ ያየው ሰው ዓይኑን ማመን ትቷል። ያንተ አንድ ዓይን ነው የጠፋው፤ የሱ ሁለቱም።

ዝም ብል ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሚንኮ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። የእኔን ኃጢአት የራሱ አድርጎ ይሞታል፤ እኔም ወደ መቃብሩ አበባ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሰው ደግሞ "ነድያልካ እንዴት ያለች ይቅር ባይ ናት!" ይላል።

ለምን እንዳልነገርኩህ ራሴን ጠይቄ ጨርሻለሁ። ብነግርህ ትጮህ ነበር። በርሜሉን ምድር ቤት ውስጥ ትገለብጠው ነበር። ለሁለት ቀን አታናግረኝም ነበር፤ በሦስተኛው ቀን "ጎመን የለም ወይ?" ትል ነበር። አሁን ይህን በደንብ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ፋሻህን የምቀይረው እኔ ነበርኩ፤ የምትቆጣበት ሌላ ሰው ካገኘህ እኔን ትወደኛለህ ብዬ አሰብኩ። ሚንኮን ማጣት አንተን ከማጣት ቀለለኝ። ምክንያቴ ይህ ነው፤ ከዚህ የተሻለ የለኝም።

ያንተን ድርሻ ግን አልሸከምልህም። መነጽር አላደረግክም፤ ሦስት ጊዜ ገዝቼልህ ሦስቱንም ሚስማር ላይ ሰቅለሃቸዋል። በስምህ ቀን እንግዳ አባረሃል። ሚንኮ ሲምል አልሰማኸውም። እነዚህ ያንተ ናቸው፤ እዚያ ከሚጠይቅህ ጋር ተነጋገርባቸው። እርጥበቱና ዝምታው የእኔ ናቸው።

ትናንት የመጀመሪያውን ቁራጭ ቆረጥኩ። ልኩን ግድግዳው ላይ ካለው ጽሑፍህ ወሰድኩ፤ አሰመርኩ፤ ሞርሳውን አጠበቅኩ፤ ካንተ መነጽሮች አንዱን ከሚስማሩ አውርጄ አቧራውን ጠርጌ አደረግኩ። ክንዱን ለቀቅኩት። ሲቆርጥ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይሰማኝ ነበር፤ ያንተ መጋዝ እየሠራ ሰዓት የሰማሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ቁራጩ ወደቀ፣ ማሽኑ ራሱን አጠፋ። በስኳድራህ ለካሁት። ልክ ነው። ሁለተኛውን ቆረጥኩ። ልክ ነው። መደገፊያው ለፋሲካ ባይደርስም ለሙት ዓመትህ ይደርሳል፤ ኤሌንካ በደህና እጇ ይዛው ትወጣለች።

ሁለተኛ ሙት ዓመትህ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እንደ ደንቡ ፎቶህ ያለበትን የሐዘን ማስታወቂያ አሳትሜ በአጥሩ በር ላይ እለጥፋለሁ፤ ንፍሮም እቀቅላለሁ። ዘንድሮ ግን ከፎቶህ ሥር "ሁልጊዜ እናስታውስሃለን" ከሚለው በታች አንድ መስመር ልጨምር እፈልጋለሁ፦ "ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት በደረሰው አደጋ ሚንኮ አንዳች ጥፋት አልነበረበትም፤ ዲስኮቹን ያረጠብኳቸው እኔ ሚስቱ ነድያልካ ነኝ።" አሳታሚው "በሙት ዓመት ወረቀት ላይ እንዲህ አይጻፍም" ይለኛል። በስም ቀንም እንግዳ አይባረርም ነበር። ስሙ የጠፋው በአደባባይ ነው፤ በአደባባይ ይመለሳል። ግን ስሙ የሱ ነውና ፈቃዱን ልጠይቀው። "አልፈልግም" ካለ አልጽፍም። ቢፈቅድ፣ ከንፍሮው የመጀመሪያውን ጭልፋ የምሰጠው ለሱ ነው።

ነገ ይህን ደብዳቤ ይዤ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ሴቭሊዬቮ እሄዳለሁ። በፖስታ አልልክም፤ ፖስታ ሲዘገይ ሰው ሐሳቡን ይለውጣል። እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አንብቦ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። ከዚያ የሚለኝን እሰማለሁ። ቢጮህ ይጩህ። ዝም ብሎ ቢነሳም ልክ ነው፤ ዝምታውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

አንተ ካለህበት የሚያደርስ መንገድ አላውቅም፤ ከደረሰህም አንብበኸዋል። ወረቀቱ ግን እጅ ይፈልጋል። ልቤ ደህና ነው። መጋዙም ደህና ነው።

ሚስትህ ነድያልካ

ይድረስ ለሚንኮ ራልቼቭ፣ ሴቭሊዬቮ፣ በገዛ እጁ።